የፈቃድ ጡንቻ

እህቴ በአፏ «አዎ» ማለት አትወድም ነበር። አዎ ለማለት ከንፈሯን ትንሽ ከፈት አድርጋ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች፤ በቃ፣ ተስማማች ማለት ነው። እምቢ ለማለት ደግሞ ምላሷን ላንቃዋ ላይ ለጥፋ «ጭ» ታደርጋለች። ሁላችንም የምናደርገው ነውና አዲስ ነገር ያወራሁ አይምሰልብኝ። እሷ ግን አበዛችው። ስልክ ላይ ሳይቀር እንዲሁ ናት። ቀሚስ እንድትሰፋላቸው የሰጡ ሴቶች ደውለው «ደረሰልኝ ወይ?» ሲሏት አየር ሳብ ታደርጋለች፤ እነሱ መስመሩ የተቋረጠ እየመሰላቸው «ሄሎ? ሄሎ?» ይላሉ። «እታለም፣ በስልክ'ኮ አይታይም፣ ተናገሪ እንጂ» ስላት «የሚሰማ ይሰማል» ብላ ታልፈኛለች።

ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ ካዛንቺስ ነበር፤ አንድ የስፌት መኪናና አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ ገብተውበት ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ጠባብ ክፍል። ቤታችን ግን ቂርቆስ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ተደጋግፈው ከቆሙት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ ከደንበኛ ጨርቅ በተረፈ ቁራጭ ሱሪ እየሰፋች ያለበሰችኝ እህቴ ናት። ባሏ የሞተው ልጃቸው ዳዴ ስትል ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሦስታችን ሆነ፤ የእሷ፣ የልጇና የእኔ። እኔ አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ ሰፈሩ ሁሉ የየራሱ መልስ ስላለው የእኔን መጨመር አያስፈልግም።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የጡንቻ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ልጆቹን እጅጌያቸውን አስጠቅልዬ ክንዳቸውን እንዲያጥፉና እንዲዘረጉ አደርጋለሁ። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም እላቸዋለሁ። ሲኮማተር ያጥራል፣ ሲያጥር አጥንቱን ይጎትታል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ለዚህ ነው ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተሠራው። የክንዳችሁ የፊት ጡንቻ ሲስብ ክርናችሁ ይታጠፋል፣ የኋለኛው ሲስብ ይዘረጋል፤ አንዱ እንዲሠራ ሌላው መልቀቅ አለበት። ሁልጊዜ አንድ ብልጥ ይነሳና «ቲቸር፣ በር ስንገፋስ?» ይላል። ስትገፋም የኋለኛው ጡንቻህ እየሳበ ክንድህን እየዘረጋው ነው፣ የገፋህ የሚመስለው ለአንተና ለበሩ ነው እላለሁ። ክፍሉ ያጉረመርማል።

ቀጥዬ ሰሌዳውን ለሁለት እከፍላለሁ። ባንዱ በኩል ፈቃዳዊ፣ በሌላው ኢ-ፈቃዳዊ ብዬ እጽፋለሁ። እጅ፣ እግር፣ ምላስና ፊት በፈቃዳችን ይንቀሳቀሳሉ። ልብ፣ ሆድ ዕቃ፣ የደም ሥር ግድግዳ ግን ማንንም አያስፈቅዱም። አንድ ዓመት ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ፈቃዱ ከወረዳ ነው እንዴ የሚወጣው?» ብሎ የጠየቀኝን ልጅ ቤት ገብቼ ለእህቴ ስነግራት መርፌ በአፏ ይዛ ስለነበር ሳቋን ለመያዝ ተሠቃየች። «እና ምን አልከው?» አለችኝ መርፌውን አውጥታ።

«ወረፋ ያዝ አልኩት።»

ነገሩ የጀመረው በመቀስ ነው። መቀሷ ጨርቁን መቁረጥ ትቶ ያኝከው ጀመር። ጥፋቱን መቀሱ ላይ አላከከችና ለሚስል ሰው ሰጠችው፤ ተስሎ መጣ፣ ያው ነው። ሌላ ሰው ጋ ወሰደችው። በመጨረሻ አዲስ ገዛች፤ አዲሱም ያኝካል። አንድ እሁድ ሁለቱንም እጆቿን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስታስተያያቸው አየኋት። «እየው እስቲ፣ ሙዳው የት ሄደ?» አለችኝ። በቀኝ አውራ ጣቷ ሥር የነበረው ወፍራም ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር የሚያገናኘው ጡንቻ ነው፤ ስንቴ አስተምሬዋለሁ። እህቴ እጅ ላይ ጠፍቶ ሳየው ስሙ እንኳን አልመጣልኝም።

ከዚያ ሥጋዋ መርገብገብ ጀመረ። ቁጭ ባለችበት ክንዷና ትከሻዋ ላይ ከቆዳዋ ሥር አንድ ነገር ርግብ ርግብ ይላል። እኛ ግቢ ውስጥ የሚርገበገብ ነገር ሁሉ ትርጉም አለው፤ የዓይንህ ቆብ ከሆነ የናፈቀህን ሰው ታያለህ፣ መዳፍህን ከበላህ ብር ታገኛለህ። የክንዷን ደግሞ አጠገባችን ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን «እንግዳ ነው፣ ከሩቅ የሚመጣ» ብለው ተረጎሙት። እህቴም ልጇን ዳቦ ጨምረሽ ግዢ ብላ ላከቻት። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ እያስተረፍን ጠበቅን። የመጣ ሰው የለም። ሥጋ እንዲያ የሚርገበገበው የሚያዘው ነርቭ ሲዳከም እንደሆነ በኋላ አንብቤ ስደርስበት ያ ዳቦ ትዝ ብሎኝ አለቀስኩ።

መጀመሪያ የሄድነው ወጌሻ ጋ ነው፤ ቄራ አካባቢ ያሉ፣ ኳስ ተጫዋች ሁሉ የሚመጣላቸው ሰው። «ጅማት ዞሯል» አሉ። እኛ ጅማት የማንለው ነገር የለም። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም ጅማት ነው፣ ነርቩም ጅማት ነው፣ ስንናደድ አንገታችን ላይ የሚገተረውም ጅማት ነው። ስለዚህ «ጅማት ነው» ያለ ሰው ምንም አላለም፤ ሰሚውን ግን ያሳርፋል። እኔም አረፍኩ። በቅቤ አሹ፣ ሳቡ፣ አሰሩ። እህቴ ሲያሿት ደስ ይላት ነበር። እጇ ግን እየከሳ ሄደ፣ ከቀኝ ወደ ግራም ተሻገረ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ምርመራው ሁሉ ሲያልቅ እኔን ብቻ ወደ ኮሪደር ጠራችኝ። እኛ ዘንድ እንዲያ ነው፤ ሕመሙ የአንዱ፣ ወሬው የሌላው። «ቲቸር፣ ጡንቻዋ አይደለም የታመመው» አለችኝ። «ጡንቻዋን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው። ትእዛዝ ሲቋረጥበት ጡንቻ ይከሳል። ትንሽ ማዘግየት ይቻል ይሆናል። ማዳን አንችልም።» እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አጥብቄ እንደጨበጥኩት ተመለስኩ።

እህቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። «ምን አለችህ?» አለችኝ። «መድኃኒት ይኖራል፣ ብቻ ጊዜ...» ብዬ ስጀምር «ጭ» አደረገች። «አስተማሪ አይደለህ? አስተምረኛ።»

እዚያው፣ ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር፣ አስተማርኳት። አንድ ሐሳብ ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪ ወርዶ በነርቭ ክር እንዴት ጡንቻው ዘንድ እንደሚደርስ፤ ጡንቻው ውስጥ ያሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቀጫጭን ክሮች አንዱ በሌላው መሃል እየተንሸራተተ እንዴት እንደሚያጥር፤ የነርቩ ክር ሲበጠስ ጡንቻው ምንም ሳይሆን እንዴት ሥራ ፈትቶ እንደሚያልቅ። ሰውነቷን ለልብስ እንደምትለካ አንድ በአንድ ትጠይቀኝ ጀመር።

«እግሬስ?»

«ይደክማል።»

«ምላሴስ?»

«እሱም።»

«ዓይኔስ?»

«ዓይን ይቆያል። ዓይንን የሚያዞሩት ጡንቻዎች እስከ መጨረሻ ይጸናሉ።»

«ልቤስ?»

«ልብ በፈቃድ አይደለም የሚሠራው። ልብሽ ደህና ነው።»

«ትንፋሼስ?»

ደረትን ከሆድ የሚለየው ሰፊ ጡንቻ፣ ዲያፍራም የምንለው፣ ሰሌዳዬ ላይ የት እንደማስገባው ያስቸግረኛል። ሥሪቱ እንደ ክንድና እንደ እግር ጡንቻ ነው፣ በነርቭ ይታዘዛል፤ ስንፈልግ ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ ስንፈልግ እንስባለን። ስንተኛና ስንረሳው ደግሞ ሳንጠየቅ ይሠራል። ፈቃዱ የእኛም ነው፣ የእኛም አይደለም። ይህንኑ ነገርኳት። «እና እሱም ይደክማል?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። አየር ሳብ አደረገች፤ ገባኝ ማለቷ ነው። ቀጥላም «ለልጄ እኔው ነኝ የምነግራት» አለች። ነገረቻትም።

በዚያው ሰሞን ካዛንቺስ መፍረስ ጀመረች። ደንበኞቿ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ አንዷ ከከተማው ዳር ደውላ «አሁን ማን ይሰፋልኛል?» ብላ አለቀሰችባት። የስፌት መኪናዋን እኔና ልጇ አምጥተን ግድግዳ አስጠግተን አስቀመጥነው። ሰው ሁሉ ስለ ሱቁ ሊያጽናናት ይመጣል፤ እሷም መጎተት በጀመረ አንደበቷ «እጄ ነው ቀድሞ የዘጋው» ትላቸዋለች። የሚመልሱላት ሲያጡ «አይዞሽ» ይሏታል። አይዞሽ የሚለውን ቃል በዚያ ዓመት ጠላሁት። ሰው የሚለው ሲያጣ ለምን ዝም እንደማይል እስካሁን አይገባኝም።

እግሯ ሲከዳት ተሸክሜ ማንሳትና ማስቀመጥ የእኔ ሥራ ሆነ። ከስታ አልቃ ሳለ መክበዷ ገረመኝ። ሰው ሲሸከሙት ሳያውቀው ራሱን ያግዛል፤ አንገቱን ያቀናል፣ ወገቡን ይይዛል፣ ክንዱን ይጠመጥማል። ዝም ብለን የተቀመጥን ሲመስለን እንኳን ስንት ጡንቻ እየሳበ ነው ያቆመን። እህቴ ያን ሁሉ አጥታ ክንዴ ላይ ሙሉ ክብደቷን ስትጥል፣ እንቅልፍ የወሰደኝ ልጅ እያለሁ ከጎረቤት ቤት እንዴት ታቅፋ ትመልሰኝ እንደነበር አሰብኩ። ያኔ እሷም ገና ልጅ ነበረች። ከብጃት ይሆናል፤ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ከንግግሯ ሁሉ ቀድሞ የሄደው እምቢታዋ ነው። «ጭ» ለማለት ምላስ ላንቃ ላይ ተለጥፎ በኃይል መላቀቅ አለበት፤ ምላሷ ያን ጉልበት አጣ። ቃላቷም ተሳክረው ተሳክረው ጠፉ። አዎዋ ግን ምላስ አይፈልግም፣ አየር መሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ እህቴ እሺ ማለት እየቻለች እምቢ ማለት የማትችል ሰው ሆነች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ጎረቤቶቻችን ሊያስታምሟት ሲመጡ ነው። ደጎች ናቸው፤ ደግነታቸው ግን እምቢ የማይል ሰው ሲያገኝ ልክ የለውም። በሙቀት ብርድ ልብስ ይደርቡባታል። አጥሚቱን ሳትጨርስ ሾርባ ይመጣል። አንዷ ጠበል ትረጫታለች፣ ሌላዋ እግሯን ቫዝሊን ትቀባታለች። እንግዳ ይመጣል ያሉት አሮጊት ደግሞ ጸጉሯን እንደ ሕፃን ለሁለት ገምሰው ጎነጎኑላትና «እንዴት ያለች ትዕግሥተኛ ናት! አንድ ቀን እንኳን እምቢ አትልም'ኮ» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ትዕግሥት አይደለም እማማ! ምላሷ ነው የደከመው!» ብዬ ጮኽኩባቸው። እህቴ ትዕግሥተኛ ሆና አታውቅም። ክፍያ ያዘገየችባትን ሴትዮ መንገድ ላይ አስቁማ የምትጨቃጨቅ፣ ሽሮው ከቀጠነ ሰሃኑን ገፋ የምታደርግ ሴት ናት። ያቺን ሴት ቁጭ ብላ እያየችን መልአክ አደረግናት። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አያስታውቅም፤ እንባዋ ግን ወርዷል።

መላ ያገኘችው ልጇ ናት። ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ካሸር ነበረች፤ ማታ ስትገባ የሆነውን ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እናቷ ፊት ተንበረከከች። «ማሚ፣ ስሚኝ፤ እምቢ ካልሽ ዓይንሽን ጨፍኚ። ጥብቅ አድርገሽ። እሺ ካልሽ በቃ እንደ ድሮሽ። ኦኬ?»

እህቴ አየር ሳብ አደረገች።

ከዚያ በኋላ እምቢታዋን እንደ አዲስ ልብስ ለበሰችው። ለሾርባው ትጨፍናለች፣ ለብርድ ልብሱ ትጨፍናለች፣ ለእኔ ቀልድ ትጨፍናለች። ቤቱ ውስጥ ሰው ተመለሰ። አንድ የሩቅ ዘመዳችን የሆኑ ሽማግሌ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው ምክራቸውን ሲያስረዝሙባት ዓይኗን ጭፍን አደረገች፤ እሳቸውም «አያችሁ፣ በተመስጦ እየጸለየች ነው» ብለው ሌላ ጀመሩ። ልጇ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ሮጠች። ያን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ፣ ሲሰማኝም ያመኛል።

ክረምቱ ሲገባ ትንፋሿ አጠረ። ጋደም ስትል ስለሚያፍናት በትራስ ደግፈን ቁጭ እንዳለች ነበር የምናስተኛት። ጠዋት ስትነሳ ራሷን ያማታል፤ ሌሊት በደንብ የማትተነፍሰው አየር ነው አለች ሐኪሟ። እቤት ድረስ መጥታ አየቻትና እኔንና ልጇን አስቀምጣ ነገረችን። «አንድ ቀን ጡንቻው አልችልም ይላል። ያኔ ሆስፒታል ገብታ በጉሮሮዋ ቱቦ ይገባና ማሽን ይተነፍስላታል። ከማሽኑ የመላቀቅ ዕድሏ ግን በጣም ጠባብ ነው። ወይም እዚሁ ቤቷ፣ በእናንተ መሃል፣ ጭንቀቷን የሚያቀልላትን መድኃኒት እየወሰደች። ቀኑ ሳይደርስ ፈቃዷን ጠይቋት። የእናንተን ሳይሆን የእሷን።»

ጠየቅናት። ዝናቡ ጋብ ያለበት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በሩን ከፍተን ወደ ግቢው አዙረን አስቀምጠናታል። ሁለቱንም መንገድ ሳልደብቅ፣ ሳላሳምር አስረዳኋት። ክፍል ውስጥ እንኳን እንደዚያ ተጠንቅቄ አስተምሬ አላውቅም።

«ሆስፒታሉ ይሻልሻል?» አልኳት። ዓይኗ ክፍት ነው፣ አየርም አልሳበችም።

«እዚሁ ቤት ይሻልሻል?» ያው ነው። ዓይኗን ሳትነቅል ልጇን ታያለች።

ጠበቅን። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ምልክት ሲጎድለን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «አላውቅም» የምትልበት አላበጀንላትም። «ፈራሁ» የምትልበት የላትም። «ቆዩ፣ ልጄን ትንሽ ልያት» የምትልበትም የላትም። ልጇ «ማሚ፣ ችግር የለም፣ በቃ ሌላ ቀን» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። እኔም እፎይ አልኩ።

ሌላው ቀን ጉንፋን ይዞ መጣ። ጉንፋን ለሌላ ሰው ጉንፋን ነው፤ ማሳል ለማይችል ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። ሌሊቱን ስላልተኛች መጀመሪያ ደስ አለን። ቆይተን ስንቀሰቅሳት አልነቃ አለች። ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሆዷ ሲነሳ አይታይም፤ አየሩን የሚጎትቱት የአንገቷ ጡንቻዎች ናቸው፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይገተራሉ። ዋናው የትንፋሽ ጡንቻ ሲደክም የአንገት ጡንቻዎች ያግዛሉ ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ሲያግዙ ማየት ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር።

ለሐኪሟ ደወልኩ። «የምትመጡ ከሆነ አሁኑኑ ኑ፣ እኔ እዚህ አዘጋጃለሁ» አለችኝ፤ ቀጥላም «ፈቃዷስ?» አለች። የጠራነው አንድ ጎረቤታችን በር ላይ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል።

ጆሮዋ ሥር ተጠጋሁ። «እታለም፣ እኔ ነኝ። እዚሁ እንሁን?»

ከንፈሯ ትንሽ ተከፈተና አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ልክ እንደ ድሮዋ።

«እሺ አለች» አልኩ።

«አላለችም!» አለች ልጇ። «ዓይኗን እየው! ጨፍናለች'ኮ! እምቢ ነው ያለችህ አጎቴ፣ ውሰዱኝ ነው የምትለው!»

«ተኝታ ነው የጨፈነችው።»

«ከተኛች ታዲያ በእንቅልፏ ነው እሺ ያለችህ?»

ልጅቷ ልክ ናት። ዓይኗን በእንቅልፍ ካልኩ ትንፋሿንም በእንቅልፍ ማለት ነበረብኝ። አንዱን የእህቴ፣ ሌላውን የሰውነቷ ማድረግ አልችልም። ጥያቄውን ገልብጬ እንደገና ጠየቅኳት። «እታለም፣ ሆስፒታል እንሂድ?» ዓይኗ እንደተጨፈነ አየር ሳብ አደረገች። ምንም ልዩነት የለውም።

የመኪናው ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ የእናቷን እግር አቅፋ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ቱቦው ታየኝ። ነቅታ፣ ቱቦው አፏ ውስጥ ሆኖ፣ ማሽኑ ሳያስፈቅዳት እየተነፈሰላት፣ ዓይኗን ጭፍን ግልጥ፣ ጭፍን ግልጥ ስታደርግ ታየኝ። ያኔ ማን ነው ትርጉሙን ሰምቶ ቱቦውን የሚያወጣላት? ወጣሁና ጎረቤታችንን «አጥፋው» አልኩት። ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቀኝ አጠፋው።

ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ የሳበቻቸው ትንፋሾች ሁሉ እንደዚያችኛዋ ነበሩ። አዎ። ቆይታ ደግሞ፣ አዎ። ለምኑ እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም። በመሃላቸው ያለው ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ልጇ በጸጥታው መሃል «ማሚ?» ትላለች፣ ትንፋሹ ይመጣል። «ማሚ?» ትላለች፣ ይመጣል። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል «ማሚ?» ብላ ጠራቻት፤ ሳይመጣ ቀረ።

ከለቅሶው በኋላ ሐኪሟ ጋ ብቻዬን ሄድኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ ያቺ ትንፋሽ የፈቃዷ ናት ወይስ የሰውነቷ? «ቲቸር፣ እንዲያ ሲሆን ደም ውስጥ የተቃጠለ አየር ይጠራቀማል፣ ሰው ይፈዛል። ሰምታህም ይሆናል፣ ላትሰማህም ትችላለች። ማንም ሊለየው አይችልም። እኔም አልችልም» አለችኝ። ሸኝታኝ ስትመለስ በር ላይ «ማሽኑ ቢገባላትም አያድናትም ነበር» ብላ ጨመረች። ይህችን ይዤ ሄድኩ። ለልጅቷ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ስንት ቀን ቃላቱን ሳሰካካ ሰነበትኩ።

የእህቴ ልጅ አላኮረፈችኝም። ባኮረፈችኝ ይሻል ነበር። ሰላም ትለኛለች፣ ምሳዬን ከድና ታስቀምጥልኛለች፣ ሥራ ልትሄድ ስትል «መጣሁ አጎቴ» ትላለች። ግን ዓይኔን አታይም። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሰው ሳይተያይ መኖር ከባድ ሥራ ነው። ሁለታችንም ቻልንበት።

ከአርባዋ በኋላ አንድ እሁድ የእናቷን አልጋ ልብስ አጥባ ስታጥፍ ደረስኩና አንዱን ጫፍ ያዝኩላት። ጫፍ ከጫፍ ለማገናኘት አንድ ርምጃ ቀረበችኝ። ጊዜው አሁን ነው ብዬ ያጠናሁትን ጀመርኩ።

«ሐኪሟ ምን አለችኝ መሰለሽ...»

«አውቃለሁ። እኔም ሄጄ ጠይቄያታለሁ» አለችኝ። «እሺ ብላም ይሆናል። እምቢ ብላም ይሆናል። እሱን ትቼዋለሁ አጎቴ፣ አልጣላህም። ግን ሁሉም ሰው ፈቃዷ፣ ፈቃዷ ሲል እኔን ማን ጠየቀኝ? እናቴ'ኮ ናት። እንድትሄድ አልፈቀድኩም። እኔ አልፈቀድኩም።»

አልጋ ልብሱን በየጫፋችን እንደያዝን ነን።

«እኔም አልፈቀድኩም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አጥፋው ያልከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «አፌ ነው ያለው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልፈቀድኩም።»